ዕቁብ እስኪደርሰኝ

የወደድኳትን መኪና ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ነድቻታለሁ፤ ከአንደኛ ማርሽ ግን አልፌ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 (ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ ዕዳውም በፈረንጅ ስለሆነ) ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ አንድ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ያኔ ከአዲስ አበባ ለመጣን ለብዙዎቻችን የመጀመሪያዋ አሜሪካ ከምድር በታች ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበረች። ጠዋት ጠዋት አንድ ጠበቃ ብርማ ሆንዳ ኤስ 2000 እየነዳ ይመጣል። ቁልፉን ይሰጠኝና ወደ ሊፍቱ ይሮጣል። እኔ አልሮጥም።

ወንበሯ ከመሬት የተጣበቀ ነው፤ ቁጭ ሲሉባት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቡና ሊያፈሉ የተቀመጡ ይመስላል። ቁልፍ ማዞር ብቻውን አያስነሳትም፤ ከመሪው በስተግራ ያለውን ቀይ በተን መጫን አለ። ማርሿ አጭር ናት፤ በእጅ አንጓ ብቻ ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች። አውቶማቲክ የምትባል ኤስ 2000 ተሠርታ አታውቅም፤ ይህም ለኔ ኩራት ነበር። ጋራዡ ውስጥ ከነበርነው ስድስት ሠራተኞች በማርሽ መንዳት የምንችለው መንጃ ፈቃዳችንን አዲስ አበባ ያወጣነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሁለተኛውን በጉርሻ ገንዘብ አግባብቼ ጠበቃውን ለብቻዬ ያዝኩት።

ሞተሯ ሁለት ሊትር ነው፤ ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ያለ ተርቦ 240 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ዙሩም እስከ ዘጠኝ ሺህ ይደርሳል። ሌላው መኪና ስድስት ሺህ ዙር ላይ እግዚኦ ማረን ሲል፣ ይቺ ስድስት ሺህ አካባቢ ስትደርስ ቫልቮቿን በሰፊው የሚከፍተው ሌላኛው ካም ይያዝና ገና ከእንቅልፏ ትነቃለች። ይህን ሁሉ የማውቀው በንባብ ነው። ከመግቢያው በር እስከ ታችኛው ፎቅ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ሁለት ሺህ ዙርም ሞልቼ አላውቅም። እንቅልፏን ሳልረብሽ አወርዳታለሁ፤ ማታ ሳልረብሽ አወጣታለሁ።

ያኔ አዲስ ስትሆን ሠላሳ ምናምን ሺህ ዶላር ነበረች። እኔ ደግሞ አሜሪካ በገባሁ በሳምንቴ አንድ ጥበብ ተምሬአለሁ፤ እዚህ አገር መኪና ከዲለሩ በር ስትወጣ ዋጋዋ ይወድቃል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይወርዳል። ያደግሁት መኪና ባረጀ ቁጥር በሚከበርበት ከተማ ስለሆነ ይህ ለኔ ተአምር ነበር። ስለዚህ ወሰንኩ፤ ይውረድ፣ እጠብቃለሁ። ከዚህ የሚቀለው ውሳኔ የለም፤ ምንም አያስደርግም።

በ2009 ሆንዳ መኪናዋን ማምረት አቆመ። ዜናውን ስሰማ ደስ አለኝ! የተተወ ነገር ይረክሳል ብዬ። ልብ በሉ፤ ይህን ያሰበው በቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመግዛት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ድንጋይ አስቀምጦ ተራ የያዘ ልጅ ነው። ስኳር ጠፍቶ ሲረክስ አይቼ አላውቅም። ግን ሰው አገር ሲቀይር የሚያውቀውንም ኬላ ላይ ጥሎት ይገባል መሰለኝ።

እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ዓመታት ልክ ነበርኩ። በ2012 ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ ውስጥ አንዲት የ2001 ሥሪት፣ 84 ሺህ ማይል የሄደች፣ 11,500 ዶላር ተባለች። በዚያው ወር፣ እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ ዕቁብ ደረሰኝ። አሥራ ሁለት ሰው፣ በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር፤ አሥራ ሁለት ሺህ። አምስት መቶ ብር እንኳ ሳይሆን አምስት መቶ ዶላር ይተርፋል! ማታ ባለቤቴን አስቀምጬ ፎቶውን አሳየኋት። ረጋ ብላ አየችው።

«ስንት ወንበር ነው ያለው?»

«ሁለት። እኛስ ስንት ነን? ሁለት።»

«ደግመህ ቁጠር» አለችኝና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

የመጀመሪያ ልጃችንን መምጣት የሰማሁት እንደዚህ ነው። አቅፌያት አለቀስኩ። የደስታ ነው፤ አብዛኛው። በማግስቱ ቅዳሜ ቶዮታ ሲየና ገዛን፤ ስምንት ወንበር አላት፣ በሯ እየተንሸራተተ ይከፈታል፣ ከኋላ ሁለት ኩንታል ጤፍ ትይዛለች። ምንም አይወጣላትም። አንድም ቀን ወድጃት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የዕቁቤና የገበያው ሩጫ ነው። ዋጋው አሥራ ሦስት ሲሆን በእጄ ስምንት አለ፤ አሥራ አራት ስቆጥር አሥራ ስምንት ገብቷል። ስሟ ኤስ 2000 የተባለው በየዓመቱ ሁለት ሺህ ዶላር እንድትጨምር ነው ማለት ጀመርኩ። ሁለተኛው ዕቁብ በወንድሜ ሠርግ አለቀ። ሦስተኛው በቤት ጣሪያ። (የቤት ጣሪያ የሚባል ነገር አሥራ አንድ ሺህ ዶላር እንደሚፈጅ ማን ነገረኝ?)

ምክር ግን አልጎደለብኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ቡና የሚጠጣው ማኅበር ሁሉ የገበያ ሊቅ ነው። አንዱ ወለድ ሲጨምር ዋጋው ይንኮታኮታል ይላል። ሌላው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ የቤንዚን መኪና ቆርቆሮ ይሆናል ብሎ ይምላል። ከጎኑ ያለው በዚሁ ምክንያት ወርቅ ይሆናል ብሎ ይምላል። የዕቁባችን ዳኛ፣ ሰባት የታክሲ ሰሌዳ የቀየረ፣ የማያውቀው የሰው ገንዘብ የሌለ ሽማግሌ፣ ሁሉንም ሰምቶ ጨረሰና «መቼ ነው የሚገዛው ብለህ ትጠይቃለህ፤ መኪናው የሚገዛው ብር ሲኖር ነው» አለኝ። እኔ ግን ሠንጠረዥ ሠርቼ ነበር። በዓመት፣ በማይል፣ በቀለም የከፋፈልኩት ሠንጠረዥ። ሰው ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ እንዲህ ያለ መልስ መቀበል ይከብደዋል።

2021 መጣ። ቺፕ ጠፋ፤ አዲስ መኪና ጠፋ፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ጨረታ ይጫረት ጀመር። በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው ከ40 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር፤ ይህ እንግዲህ አማካዩ ነው፣ ሲየናዬን ጨምሮ። የልጅነት ሕልም ያለባቸው መኪኖች ደግሞ ልጓማቸውን በጠሱ። በ2001 በወጣው «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ፊልም ላይ የታየችው ብርቱካንማ ቶዮታ ሱፕራ በ2021 በጨረታ 550 ሺህ ዶላር ተሸጠች። በቀጣዩ ፊልም ላይ ሮዝ ቀለም የተቀባች ኤስ 2000 ነበረች፤ ያኔ እንደ ቀልድ አይቼ የሳቅኩባት። ያን ፊልም አብረውኝ ያዩ ጎረምሶች አሁን ዶክተርና ባንከር ሆነው ፖስተራቸውን እየገዙ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በጥቂቱ የተመረተችው «ሲአር» የምትባለው ዓይነት ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ወጣች።

ዋጋው መጨመሩ አይደለም በጣም ያናደደኝ። ገዝተው የማይነዷት ናቸው። እናቶቻችን ቡፌ ውስጥ የሚደረድሯቸው የሠርግ ሳህኖች ትዝ ይሏችኋል? ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው፣ አንድም እንግዳ ያልበላባቸው፣ ለበዓል ወጥተው ታጥበው የሚመለሱ? ዘጠኝ ሺህ ዙር የምትዞር መኪና በጨርቅ ሸፍኖ ማስቀመጥ እንደዚያ ነው። ሳህኑስ ቢያንስ አይሰማውም።

በዚያ ሰሞን ነው አዲስ አበባ ላሉት አጎቴ የደወልኩላቸው። እሳቸው ከኔ በዕድሜ የምትበልጥ ቮልስ አላቸው።

«ጋሼ፣ አንድ አሮጌ መኪና ልገዛ አስቤ ነበር።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ።»

«ታዲያ ምኑ ነው አሮጌ? ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም።»

«አሁን ተወዷል ጋሼ። ዋጋው እስኪወርድ እየጠበቅኩ ነው።»

«ምኑ እስኪወርድ?»

«ዋጋው። የመኪናው ዋጋ።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጤና ነህ?» አሉኝ።

አይፈረድባቸውም። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በዕድሜ በገፉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኖ ያለቻቸውን ቮልስ በአንድ ሌሊት ባለጸጋ አድርጓታል፤ በኋላ በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። አጎቴ በሕይወታቸው ዋጋው የወረደ መኪና አያውቁም። እኔ ነኝ መኪና ይረክሳል የሚል ሃይማኖት ተቀብዬ የኖርኩ።

ሃይማኖቴን ያስጣለኝ ግን አጎቴ ሳይሆኑ የምኖርባት ቨርጂኒያ ናት። እዚህ ለመኪና በየዓመቱ እንደ ቤት ግብር ይከፈላል፤ የሚሰላውም በመኪናው የገበያ ዋጋ ነው። በ2022 የመጣውን ደብዳቤ ስከፍት፣ አሥር ዓመት የለበስናት፣ ምንጣፏ ላይ ወተት የደረቀባት፣ የኋላ መጥረጊያዋ የማይሠራ ሲየና ካምናው ይልቅ ዋጋ ጨምራለች ይላል። ደብዳቤውን ለባለቤቴ አሳየኋት። «ወደድካት አሁን?» አለችኝ።

በ2024 ጸደይ ዕቁቡ ሰፍቶ ሃያ አራት ሰው ሆኗል፤ ሃያ አራት ሺህ። ዕጣው ሲነበብ ስሜ ወጣ። ቤቴ ሄጄ ሠንጠረዡን ከፈትኩ። ገበያው ከ2022 ጫፉ ትንሽ በረድ ብሎ ነበር፤ ሠንጠረዡ «ጠብቅ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «ግዛ» ብሎኝ አያውቅም። እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት። ባለቤቴ ከትከሻዬ ላይ ሆና አየችውና ላፕቶፑን ከደነችው። «ልጆቹ የሚሄዱበት መኪና አለ። ሂድ፣ አምጣት። በእንቅልፍህ ማርሽ ስትቀይር እኔን ነው የምትመታው።»

ሜሪላንድ ነው ያገኘኋት። የ2001፣ ብርማ፣ 131 ሺህ ማይል፣ 19 ሺህ ዶላር። አብሮኝ የሄደው መካኒክ ጎንደሬ ነው፤ መኪና ሲመረምር አያወራም። ኮፈኑን ከፍቶ እያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለካ። የዘይት መለኪያውን አውጥቶ በጣቱ ጠረገ፣ አሸተተ፣ መልሶ ከተተ። በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባና እግሩ ብቻ እየታየኝ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆየ። ሲወጣ ሻጩን ሳይሆን እኔን አየኝ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው። ዘይት ትጠጣለች፤ ቤንዚን በሞላህ ቁጥር እይ። የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ ነው፣ ቢጫ ሆኗል፤ መስታወት የሆነው ከ2002 ወዲህ ነው። ፍሪሲዮኑ ደርሷል።» ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «አንተም ደርሰሃል» አለኝ።

በመመለሻዬ ከሀይዌይ መግቢያው ላይ ሁለተኛ አስገባሁና እግሬን አላነሳሁም። አራት ሺህ። አምስት ሺህ። እስከዚህ ድረስ ተራ ሆንዳ ናት፤ የልብስ ስፌት መኪና። ስድስት ሺህን ስታልፍ ድምፁ ተለወጠ፤ ከጀርባዬ ሰው የገፋኝ መሰለኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መስመር እየሞላ፣ እየሞላ ቀዩ ውስጥ ገባ። ዘጠኝ ሺህ ዙር፤ ፍጥነቱ ግን ስልሳ ምናምን ማይል ነው። እብደቱ ሁሉ ሕጋዊ ነው! ሦስተኛ ላይ መድገም ግን አይቻልም፤ ቨርጂኒያ ከ85 ማይል በላይ የነዳን በወንጀል ነው የምትጠይቀው። ለመጮህም ደንብ አለው።

ዘንድሮ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ቤተ ክርስቲያን ልውሰድሽ ብዬ ከፊት ወንበር አስቀመጥኳት፤ ወደ ታች ስትወርድ «ወይ ጉድ፣ መሬት ላይ ነው እንዴ?» አለች። ቀበቶዋን አሰርኩላትና ጣሪያውን ከፈትኩት። ስድስት ሰከንድ አይፈጅም። እናቴ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ሰማዩን አየች፣ እኔን አየች።

«ልጄ፣ ሃያ ዓመት ሠርተህ ጣሪያ ያለው መግዣ አጣህ?»

ነዳጅ ማደያ ቆምን። ዘይቱን እያየሁ ሳለ አንድ ወጣት ፈረንጅ መጥቶ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ጥቂት አወራን፤ ካርዱን ሰጠኝና ሄደ።

«ምን አለህ ሰውዬው?»

«ሽጥልኝ ነው የሚለው እማዬ። 26 ሺህ ዶላር እሰጥሃለሁ አለኝ።»

«በኛ ስንት ነው?»

«ከሦስት ሚሊዮን ብር በላይ።»

እናቴ ምንም አላለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። ሞተሩን አስነስቼ ልንወጣ ስል ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ዝጋው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጣሪያውን። ወንበሩን ፀሐይ ይፈጀዋል።»