አንድ ዐይን ገልጦ መጨፈር

በዝግታና በጥሞና እየተንቀሳቀሱ ሰውነትን ስለ ማከም ከእኔ በላይ የሚያወራ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። አቦሉ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ስለ ማሪያን ቼስ እተርካለሁ፤ ይቺ አሜሪካዊት ዳንሰኛ በ1942 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ባለው የሴንት ኤልሳቤጥስ የአእምሮ ሆስፒታል ሥራ ጀመረች፤ ከሰው ጋር መነጋገር ያቆሙ ሕሙማንን የእነሱኑ እንቅስቃሴ እየተከተለች ታግባባቸው ነበር፤ በ1966 የተቋቋመው የአሜሪካ የዳንስ ሕክምና ማኅበርም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። ቶናው ሲቀዳ ደግሞ ጥናት አመጣለሁ። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆነ 469 ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። በ2003 በታተመው ውጤት፣ ከአካል እንቅስቃሴዎች መካከል ከመርሳት በሽታ ስጋት መቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነበር። ተያያዘ ማለት በሽታውን ከለከለ ማለት አይደለም፤ ምናልባት አእምሮው መድከም የጀመረ ሰው ዳንሱን ቀድሞ ይተው ይሆናል። ይህቺን ግን ወሬዬን ስለምታቀዘቅዝብኝ እዘላታለሁ።

በረካው ሲደርስ ባለቤቴ «አንተስ ትጨፍራለህ?» ትለኛለች። እኔ በረካ የማልጠጣው ለዚህ ነው። ጥናቱ የቆጠረው የሚደንሱትን እንጂ ስለ ዳንስ የሚያወሩትን አይደለማ!

ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ስውል አንገቴ ደርቆ አልዞር ሲለኝ ሐኪሙ «ተንቀሳቀስ» አለኝ። ሳወራለት ለኖርኩት የእንቅስቃሴ ሥልጠና ተመዘገብኩ። ከሁሉ አስቀድሜ አዲስ ቱታ ገዛሁ፤ ግማሹ ሕመም በቱታው የሚድን መስሎኝ ነበር።

አሠልጣኟ ለስለስ ባለ ድምፅ «ዐይናችሁን ጨፍኑ፤ ማንም አያያችሁም፤ እግራችሁ ወለሉን ሲነካ ብቻ አስተውሉ» አለችን። ማንም እንደማያየኝ ለማረጋገጥ አንድ ዐይኔን ገለጥኩ። እውነትም ማንም አያየኝም። ትንሽ ቅር አለኝ።

ሲያበቃ ምን እንደተሰማን ጠየቀችን። አንዷ እንባዋን ጠረገች፤ ሌላው ወገቡ እንደቀለለው ተናገረ። እኔ «ጥልቅ ሰላም» አልኩ። የተሰማኝ ረሃብ ነበር። ረሃብም እኮ የሰውነት ስሜት ነው! እውነቱን ብናገር ኖሮ ትምህርቱ የገባኝ ተማሪ እባል ነበር።

ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ልክ እንደ ቼስ፣ አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ እንዲከተል ታዘዝን። የደረሱኝ አንዲት እናት ናቸው። ትከሻቸውን ቀስ ብለው ወደ ላይ፣ ቀስ ብለው ወደ ታች። መከተል ሲገባኝ አፌ ቀደመኝ፦ «እማማ፣ እንዲህ አይደለም፤ እስክስታ ከደረት ነው የሚነሳው።»

«ልጄ፣ እኔ የታመመ ትከሻዬን እያፍታታሁ ነው። አንተ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ።

እስክስታ አውቃለሁ ማለቴም አይደለም። የእኔ እስክስታ «ምን አውቄ?» የሚል ሰው ትከሻውን ሲነቀንቅ ማለት ነው። ደግነቱ ሰርግ ላይ ይህ አይታወቅብኝም። ካሜራማኑ ወደ እኔ ሲዞር አንገቴ ይድናል፣ ትከሻዬ ይዘላል፣ ላቤ ይወርዳል፤ ካሜራው ሲያልፍ ወንበሬን እፈልጋለሁ። በማግስቱ አንገቴ ሲቆለፍ ጥፋቱ የትራሱ ነው።

ሥልጠናውን የተውኩት በአገር ፍቅር ነው። «እስክስታ ያለን ሕዝብ የፈረንጅ ጭፈራ ምን ያደርግልናል?» ብዬ ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ እስክስታም አልመታሁ። እንቅስቃሴው ከባድ ሆኖብኝ አልነበረም፤ አንድ ሕፃን ሊሠራው ይችላል። ያቃተኝ ተመልካች በሌለበት ከራሴ ጋር መቆየት ነው፤ ተመልካች ከሌለ ለእኔ ጭፈራው አልተጨፈረም።

እማማ አሁንም ይመጣሉ አሉ። ክንዳቸው ከፍ እያለላቸው ሻሻቸውን ራሳቸው ማሰር ጀምረዋል። እኔ ቱታውን ልሸጠው ነው። ብዙም አልተለበሰ፤ ላብ የሚባል አልነካውም። ቁመቱ የሚሆነው ሰው ካለ ይጠይቀኝ፤ ስለ ማሪያን ቼስ በነጻ እጨምርለታለሁ።