ትሉን ተዉልኝ

እዚህ አገር አዋቂ ሰው አዲስ ነገር መማር ከጀመረ አንድ ትል ይላክበታል። ትሉን ታውቁታላችሁ። በ6ኛው መቶ ዘመን ሕፃኑ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ የአጎቱ የመምህር ጌዴዎን ግርፋት ሲመርረው ከአክሱም ጠፍቶ ሄደ። ማይ ኪራሕ ላይ ከዛፍ ሥር አረፍ እንዳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲታገል አየ። ትሉ ይወጣል፣ ይወድቃል፤ ደግሞ ይወጣል፣ ይወድቃል፤ በመጨረሻ ወጣ። ያሬድም ወደ አጎቱ ተመለሰ። ትሉ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላረፈም።

እኔ ክራር እየተማርኩ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ እኔ ሳስነጥስ ከጎን ያሉት እናት ከማድ ቤታቸው «ይማርህ» ይሉኛል። ስለዚህ ክራሩንም አብረን ነው የምንማረው። አንድ ማታ ቡና ጠርተውኝ፣ ሁለተኛውን ሲቀዱልኝ አዘኑልኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ ያሬድም እኮ ሰባት ጊዜ ወድቆ ነው።»

«የወደቀው እኮ ትሉ ነው፣ እትዬ።»

«ያው ነው፤ ዋናው መውደቁ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ትል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። መጀመሪያ ነገር፣ አንዱ ተራኪ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ ይላል፤ ሌላው ሰባቱንም ጊዜ ይጥለዋል። ቆጣሪው ያው ከግርፋት የሸሸ ልጅ ነው፤ ልቡ ተረጋግቶ ይቁጠር አይቁጠር ማን ያውቃል? ደግሞስ ትሉ የወጣው ለእኔ ምሳሌ ልሁን ብሎ ነው? ርቦት ነው! ዛፉ ላይ የሚበላ ነገር ነበረ፤ እታች አልነበረም። እኔ ክራር የምደረድረው ራት በልቼ ጠግቤ ነው። ከትሉ ጋር ምን ያገናኘኛል?

ትሉ ደግሞ ዕድለኛ ነበር። ተመልካቹ አንድ ብቻ፣ እሱም ከትምህርት ቤት የጠፋ። ከዚህ የተሻለ ተመልካች ከየት ይመጣል? እስቲ ያ ዛፍ እኛ ግቢ በቅሎ ቢሆን ኖሮ አስቡት። ሁለተኛ ሲወድቅ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ይባላል። ሦስተኛ ሲወድቅ «አሁን በዚህ ዕድሜህ ከምትደክም ልጆችህን ብታስተምራቸው» የሚል ይመጣል። በአራተኛው የብሎኩ ኮሚቴ ይጠራዋል፤ አጀንዳ፦ የግንዱ መፋቅ። እስከ ሰባተኛው የሚደርስ ትል አይኖርም።

የያሬድን ዜማ የሚያስተምሩት ዜማ ቤቶች ይህ ነገር ቀድሞ የገባቸው ይመስለኛል። ድጓ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም፣ ጋይንት ድረስ ያስኬዳል። የዜማ ተማሪ ታዲያ የሚያጠናው በሆዱ አይደለም፤ ጮኾ ነው። ሁሉም በየራሱ ቦታ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። የአንዱ ስሕተት በሌላው ድምፅ ተሸፍኖ ያልፋል፤ ለይቶ የሚሰማው የየኔታ ጆሮ ብቻ ነው። እኔ ግን የምሳሳተው ብቻዬን፣ ያውም ዜና ካለቀ በኋላ፣ ሰፈሩ ጭጭ ሲል ነው።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ከላይኛው ፎቅ ያሉት ጋሼ አገኙኝና «ታዲያ መድረክ ላይ የምናይህ መቼ ነው?» አሉኝ። በጭራሽ፣ አልኳቸው። «እና ለምን ትደክማለህ?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥበቃው ጋር ዳማ ይጫወታሉ፤ ሁልጊዜም ይሸነፋሉ። የዓለም ሻምፒዮና መቼ ነው ብሎ የጠየቃቸው አለ? እሑድ ጠዋት ቦርጩን ይዞ ኳስ የሚያባርረውን ሁሉ ብሔራዊ ቡድን መቼ ትገባለህ የሚለው አለ? ክራር ወይም ብሩሽ ሲነካ ግን ፍሬው የታለ ይባላል። አወዳደቁ የሚከበርለት በኋላ የወጣ ብቻ ነው። ማይ ኪራሕ ላይ ሌላ ትል አልነበረም? ግንዱን እየወደደ፣ ሲወድቅ ውሎ ሲወድቅ ያመሸ? የእሱን ታሪክ የጻፈ የለም። ልጅ ሆኜ ሥዕል እወድ ነበር። የሣልኳት ላም ላይ ክፍሉ በሙሉ ሳቀና እርሳሴን አስቀመጥኩ። ላሟ አስጠልታኝ አይደለም፤ ሳቁን ፈርቼ ነው። ያኔ ማንም ስለ ትል አልነገረኝም። አሁን፣ መፍራቱን ከተውኩ በኋላ፣ በየደረጃው ትል ይታደለኛል!

በጋሼ ላይ ግን ብዙ አልጨክንም። የካሳ ተሰማን ክራር እየሰሙ ያደጉ ሰው ናቸው፤ በዚያ ጆሮ እኔን መስማት ቅጣት ነው። ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም አላወቁም ይባላል። እኔ ስደረድር ጦሩ ይቅርና ስቴኪኒ ቢወጋችሁ ወዲያው ይሰማችኋል። ንጉሡ ደንግጠው የፈለግኸውን ጠይቀኝ ሲሉት ያሬድ የጠየቀው መሰናበት ነው፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ይህን ክፍል ማንም ለማጽናኛ አይጠቅስልኝም፤ ምናልባት ሐሳቡን እንዳልወስደው ሰግተው ይሆናል። ጎረቤቶቼስ ቢሆኑ እንደ ማጽናኛ ሳይሆን እንደ ምክር ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ ክረምቱ ገብቶ የክራሩ ቆዳ እርጥበት ያዘ፤ ድምፁ ታፈነ። ከስድስቱ አውታሮች አንዱን ሳጠብቅ ሌላው ይላላል። እንዲህ ስታገል አንድ ሌሊት በሬ ተንኳኳ፤ ጋሼ ናቸው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ክራሩን ከኋላዬ ሸሸግኩ።

«ስማ እስቲ፣» አሉኝ ጣታቸውን ወደ ግቢው ቀስረው። የውሃ ተራችን ስለነበር ሮቶ የሚሞላው ፓምፕ ያዜማል። «ይሄ ባቲ ነው፣ አይደል?»

አዳመጥኩ። አምባሰል ነው አልኳቸው። እሳቸው ባቲ፣ እኔ አምባሰል፤ ክራሩን አውጥቼ ላሳያቸው ሞከርኩ፣ ነጥቀውኝ ራሳቸው ሞከሩ፣ ከእኔም ባሱ። በጫጫታው የነቁት እትዬ በራቸውን ከፍተው አንቺ ሆዬ ነው አሉ። በሳምንቱ የብሎኩ ስብሰባም ላይ ነገሩ ተነሥቶ አልተቋጨም። ጥበቃው ግን ኩሽኔታው አልቆ ነው ይላል።