ዓሣን በአንድ ወሰነ ትምህርት ስለ መጨረስ

ዓሣን ከውኃ ዕፅዋት ጋር በመስታወት ገንዳ አኑሮ መመልከት የተበተነ ልቡናን እንደሚሰበስብ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ መጻሕፍታቸው ግን ዓሣው እንዴት እንደሚኖር ብቻ የሚናገሩ በመሆናቸው፥ የኪስ ገንዘቡን አውጥቶ፥ የክፍል ጓደኞቹን ትዕግሥት ፈትኖ፥ በፈተና ሰሞን እንቅልፉን አጥቶ፥ በመጨረሻ የሸተተ ውኃ ታቅፎ ለመቅረት የሚሻውን ተማሪ አይረዱም። ይህ ወገን ቁጥሩ ቀላል ስላይደለ ሥርዓቱን በቅጡ የሚጽፍለት ሰው ሊያጣ አይገባም በማለት፥ በአዲስ አበባ ካሉት የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች በአንዱ፥ ተደራራቢ አልጋ በሞላበትና አንድ ሶኬት ለስድስት ሰው በሚዳረስበት ክፍል የሚኖረውን ወጣት በዓይነ ኅሊናዬ እየተመለከትሁ የሚከተለውን አዘጋጅቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ችኮላን ገንዘብ ያድርግ። ገንዳውን፥ ጠጠሩን፥ ዕፅዋቱንና ዓሣዎቹን በአንድ ቅዳሜ ገዝቶ፥ በዚያው ቅዳሜ ማታ ሁሉንም በአንድነት ከውኃው ይጨምር፤ ጠንቃቆች የሚሉትንም አይስማ። እነርሱ የሚሉት እንዲህ ነው፦ ዓሣ በሚተነፍስበትና በሚጸዳዳበት ጊዜ አሞንያ የሚባለውን መርዝ ያወጣል፤ ይህን መርዝ አንደኛው ወገን ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይቱም ገና መርዝ ስለሆነ ሁለተኛው ወገን ተቀብሎ ጉዳቱ እጅግ ወደሚቀንሰው ወደ ናይትሬት ያደርሰዋል፤ ናይትሬቱን ደግሞ ዕፅዋቱ ይመገቡታል። ነገር ግን እነዚህ ረቂቃን ፍጥረታት በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ ቁጥር ስለማይገኙ፥ በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተራብተው ለሥራ እስኪበቁ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። ሩስያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ የእነዚህን ፍጥረታት ሥራ ገልጦ ካሳየ ወዲህ ነገሩ የታወቀ ቢሆንም፥ ስድስት ሳምንት ከወሰነ ትምህርቱ ሲሶውን የሚያልፍ ዘመን ነውና፥ ያን ያህል ጊዜ ውኃና ቅጠል ብቻ ይዞ መቀመጥ በጎረቤት ክፍል ዘንድ መሳቂያ እንደሚያደርግ ተማሪው ያስብ። ውኃው ጠርቶ ካየውም የጠራ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ይመን፤ አሞንያ መልክ የለውምና። ዓሣዎቹ ገና ሳምንት ሳይሞላቸው ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ማለቅ ሲጀምሩ፥ ጥፋቱን በሻጩ ላይ አላክኮ በሞቱት ፋንታ እጥፍ ይግዛ። ዓሣ ጠባቂ የሚባል ሰው በእውነቱ የሚጠብቀው ውኃውን ነው የሚል ቢያጋጥመው፥ ፍልስፍናውን ለፍልስፍና ክፍል ተማሪዎች እንዲያደርስ በትሕትና ያሰናብተው።

የዓሣው ምርጫ ሰፊ መስክ ነው። ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ የወረደ ተማሪ ከሐይቁ ዳር ጣት የምታህል ቆሮሶ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ቢመለስ እጅግ ይመሰገናል፤ ቆሮሶ ሲመቸው ከግማሽ ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል፥ ለጋ ቅጠልንም የሚወድ ዓሣ ስለሆነ፥ ገንዳውን ከውስጥ በማጣበብ፥ አትክልቱንም በመጋጥ ያለ ረዳት ያፈርሰዋል። ሐዋሳ ያልደረሰ ሰው ከሲያም አገር የተገኘውን ቤታ የሚባለውን ተዋጊ ዓሣ ይግዛ፤ ይህ ዓሣ ከውኃው በላይ ያለውን አየር ስቦ መተንፈስ የሚችል ስለሆነ በብርጭቆም ቢሆን ይኖራል የሚለውን የገበያ ቃል ሳይመረምር ይቀበል፤ ብቸኝነት እንዳያስጨንቀውም ሁለተኛ ወንድ ጨምሮለት እስከ ማግሥቱ ይጠብቅ። ቤታ የቆላ ተወላጅ በመሆኑ 25 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ውኃ ይሻል፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የውጩ አየር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ማሞቂያ የሌለው ገንዳም ብርዱን ከግድግዳው ጋር አብሮ ይካፈላል። ተማሪው በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፥ ዓሣ ውኃ ውስጥ ነውና ብርድ አያገኘውም ብሎ ይደምድም።

ገንዳውን በሎከር ጫፍ ላይ፥ በተለይም ከሥሩ የሌላ ሰው ደብተርና ሃንድአውት ባለበት በኩል ያስቀምጥ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን የተማረው ለፈተና ነው እንጂ ለኑሮ አይደለምና፥ 40 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከጠጠሩና ከመስታወቱ ጋር ግማሽ ኩንታል ጤፍ ያህል እንደሚከብድ ማሰላሰል አይጠበቅበትም። ሎከሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ከሆነ ደግሞ ክብደቱ በአንድ ማዕዘን ላይ ስለሚያርፍ፥ መስታወቱ የሚሰነጠቅበት ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ እንዲሆን መመኘት ብቻ ይቀረዋል።

ስለ ዕፅዋቱ ብዙ የሚባል አለ። የጃቫ ፈርንና አኑቢያስ የሚባሉት ሁለቱ ታጋሾች ብርሃን ባነሰበትም ቦታ የሚኖሩ፥ ለተማሪ ክፍል የተፈጠሩ የሚመስሉ ዕፅዋት ናቸው፤ እነዚህን መግደል የሚቻለው አግድም የሚሄደውን ወፍራም ግንዳቸውን በጠጠር ውስጥ ቀብሮ በማበስበስ ስለሆነ፥ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ በክር ማሰር የሚባለውን ነገር ትቶ በጥልቅ ይቅበራቸው። መብራቱንም አያጥፋ። ለእንዲህ ያለ ገንዳ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ብርሃን ይበቃል ቢባልም፥ ተማሪው እስከ ንጋት የሚያጠናበትን መብራት በገንዳው ላይ አዘንብሎ፥ ቀን ቀን ደግሞ ገንዳውን ከመስኮቱ ፀሐይ ፊት ቢያቀርበው፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መስታወቱ በአልጌ ተሸፍኖ በውስጡ ዓሣ ይኑር አይኑር የማይታወቅበት ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ይህም የሞቱትን ከመቁጠር ስለሚያድን እንደ በረከት ይቆጠር።

ሮበርት ዋሪንግተን የሚባለው እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1850 ባወጣው ጽሑፍ፥ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሣዎችን ቫሊስኔርያ ከሚባለው የውኃ ሣር ጋር በአንድ የመስታወት ዕቃ እንዳኖረ፥ ሣሩ ለዓሣዎቹ ኦክስጅን ሲሰጥ የደረቁት ቅጠሎቹ ግን እየበሰበሱ ውኃውን እንዳቆሸሹበት፥ በኋላም ቀንድ አውጣዎችን ቢጨምር ብስባሹን እየበሉ የሁሉን ሚዛን እንደጠበቁለት ተርኳል። አኳርየም የሚባለው ነገር ሁሉ የቆመው በዚህ ሚዛን ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ እኔም ከዚያ ዘመን ወዲህ ስለ ገንዳ ከተጻፈው ብዙ ነገር ይልቅ የዚያ ሰው ቀንድ አውጣ ይበልጥብኛል። ተማሪው ግን ከቅጠል ጋር ተጣብቆ የመጣ ቀንድ አውጣ ባየ ቁጥር ተጸይፎ ያውጣ፤ የበሰበሰውን ቅጠል ደግሞ በተፈጥሮ ሥራ አልገባም ብሎ ይተው።

ዕፅዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወዳሉ የሚል ወሬ የሰማ ዕለት አዲስ ምዕራፍ ይከፈትለታል። ስኳር፥ ለብ ያለ ውኃና እርሾ በፕላስቲክ ጠርሙስ አደባልቆ፥ ከክዳኑ በቀጭን ቱቦ እስትንፋሱን ወደ ገንዳው ቢመራው፥ ድፍድፉ በፈላ ቁጥር ጋዙ ለቅጠሎቹ ይደርሳቸዋል፤ ይህ እውነተኛና ርካሽ ዘዴ ነው። እንግዲህ ስሕተቱን በሥርዓት ለመሥራት፥ አንደኛ፥ ቱቦው ሲደፈን ጠርሙሱ እንደሚፈነዳ ሳያስብ ክዳኑን አጥብቆ በአልጋው ሥር ያኑር፤ ሁለተኛ፥ ዕፅዋት በጨለማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውሰዳቸውን ትተው እነርሱም እንደ እኛ ኦክስጅን የሚስቡ መሆናቸውን ዘንግቶ ሌሊቱን ሙሉ ጋዙን ይልቀቅ፤ ዓሣዎቹንም ሲነጋ ከውኃው ገጽ ላይ ተደርድረው ያገኛቸዋል። የእርሾው ሽታ በኮሪደሩ ሲናኝ ፕሮክተሩ ጠላ ይጠመቃል ብሎ በሩን ማንኳኳቱ አይቀርም፤ በዚህ ጊዜ የዕፅዋትን አመጋገብ ሊያስረዳው ይሞክር። ቀድሞ ፈቃድ ሳይጠይቅ ለገባ ሰው ከዚህ የተሻለ የመተዋወቂያ ጊዜ አይገኝም።

በምግብ ረገድ የጋራ ኑሮ ይርዳው። ስድስቱም የክፍሉ ነዋሪዎች ሌላው ማብላቱን ሳይጠያየቁ፥ አንዱ ከካፌ በኪሱ ያመጣውን የዳቦ ፍርፋሪ፥ ሌላው የእንጀራ ቁራሽ፥ ሦስተኛው ለጥናት የያዘውን ቆሎ ፍቅራቸውን ለመግለጥ ይጨምሩ። ትንሽ ዓሣ በቀን አንድ ጊዜ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል ቢያገኝ እንደሚበቃው፥ የተረፈው ሁሉ ከታች ተቀምጦ እየበሰበሰ ወደ አሞንያ እንደሚለወጥ፥ በሳምንትም አንድ ቀን ሳይበላ ቢውል እንደማይጎዳ ሊነግሩት የሚነሡ ይኖራሉ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ተብሎ ስንት ዘመን በተከራከርንበት አገር፥ ዓሣው ራሱ መጾም ይገባዋል የሚል አዲስ አስተምህሮ ግን ተማሪው በቀላሉ አይቀበል።

ውኃውን ስለ መለወጥ፦ በሳምንት ሩቡን ያህል መለወጥ የሰነፎች ሥራ ነው። ሁለት ወር ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ በአንድ እሑድ ሁሉንም ደፍቶ፥ ጠጠሩን በኦሞ ፈትጎ፥ ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ ቢያጥብ፥ በስንት ሳምንት የበዙትን ባክቴሪያዎች በክሎሪን ጠርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ቅዳሜ ይነሣል። የቧንቧ ውኃ አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን ቢቆይ ክሎሪኑ እንደሚተን ሰምቶ ከሆነ፥ ባልዲውን ትቶ የክፍል ጓደኛው ውኃ በሚጠፋበት ቀን ሊታጠብበት በክዳን ዘግቶ ያስቀመጠውን ጀሪካን ይጠቀም፤ በዚህም ክሎሪኑንም ጠቡንም በአንድ ዕቃ ያገኛል።

ኤሌክትሪክን በሚመለከት አንድ ነገር በፌዝ ለመናገር ብዕሬ ስለሚሰንፍብኝ ቀጥተኛውን እጽፋለሁ፤ የማጣሪያው ገመድ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ታጥፎ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ከሶኬቱ አይደርስምና። እጁን ከውኃው ከማግባቱ በፊትም ሁሉን ይንቀል። ወደ ምክሬ ስመለስ፥ መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ለብዙ ሰዓታት ቆሞ ሲቆይ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን እጦት መሞታቸውን ይወቅና፥ መብራቱ ሲመጣ ሳያጸዳ በቀጥታ ያስነሣው፤ የሞተው ሁሉ ተገፍቶ ወደ ዓሣዎቹ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ አልፈው የሚቆዩ ግትር ዓሣዎች ቢኖሩ የሰሚስተሩ ዕረፍት ይጨርሳቸዋል። ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቤተ ሰቡ ሲሄድ ቁልፉን ለፕሮክተሩ ይስጥ፥ ስለ ዓሣዎቹ ግን አይናገር፤ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ምግብ በአንድ እፍኝ ጨምሮላቸው ይሂድ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ገንዳውን መበተን ነው፤ እዚህ ላይ ግን በፌዝ ሲናገር የቆየውን ሰው አንባቢዬ እንዳይሰማው እለምናለሁ። የቀረውን ዓሣና ቅጠል ከወንዝ፥ ከቦይ ወይም ከሐይቅ መጣል ከላይ እንደዘረዘርሁት በአንድ ክፍል ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ጥፋት አይደለም። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ለወይን ጠጅ መልክ አበባው ሲባል ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በሰው እጅ በዓለም የተበተነ የኩሬ ጌጥ ነበር፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቆቃና በአዋሽ ታየ፥ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ላይ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ዳር ገበሬዎች ከውኃው ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ስለዚህ የገንዳህን ቅጠል በጋዜጣ ላይ ዘርግተህ በፀሐይ እስኪንኮሻኮሽ አድርቀህ ከቆሻሻ ጋር ጣል፤ ዓሣውን ገንዳ ላለው ሰው ስጥ፤ ውኃውን በግቢው ካሉት ዛፎች ሥር አፍስስ።