ቮልስን በብርሃን የማበላሸት ጥበብ

ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚቀናበት ፎቶ አለ፤ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ የቆመች ቮልስ፣ ከጣሪያዋ እስከ ፓራፋንጎዋ የቀጠነ የብርሃን መስመር የወረደባት። ካሜራው 30 ሰከንድ ዓይኑን ገልጦ ሲጠብቅ አንድ ሰው መብራት ይዞ በመኪናዋ ዙሪያ ይሄዳል፤ ሥራው ይኸው ነው። ፒካሶም በ1949 እ.ኤ.አ. በጆን ሚሊ ካሜራ ፊት በትንሽ አምፖል አየር ላይ ሥሏል። እርስዎ ግን ለማበላሸት እንዲህ ያድርጉ።

ጨለማ ፍለጋ አይድከሙ። መኪናዋን የመንገድ መብራት ሥር ያቁሟት፤ ብርቱካናማው ብርሃን 30 ሰከንድ ሙሉ ሲፈስባት ቀይም ትሁን ሰማያዊ የሽሮ ቀለም ይዛ ትወጣለች። ካሜራውን ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና በጣትዎ ጫን ይበሉት፤ ትራይፖድና ሰዓት ቆጣሪ የፈሪ ናቸው። አርማዋ ላይ ባትሪ አብርቶ ፎከስ ማስተካከል፣ ከዚያ ወደ ማኑዋል መመለስ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አይስሟቸው። አይኤስኦውንም 100 ላይ አይሰስቱበት፣ 6400 ያድርጉት።

ዋናው ጥፋት ግን መብራቱ ላይ ነው። የመኪና ቀለም መስታወት ነው፤ ካሜራው የሚይዘው ቀለሙ ላይ የሚታየውን የመብራቱን መልክ ነው። ረጅም የኤልኢዲ ዘንግ ከጣሪያው ከፍ አድርጎ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በእኩል እርምጃ የሄደ ሰው አንድ ንጹሕ መስመር ያገኛል። ይህን ይርሱት። ተራ የእጅ ባትሪ ይያዙ፣ በሩ ላይ በቀጥታ ያብሩት፣ እንደ ጽና ያወዛውዙት። ቮልስ ደግሞ ሁለመናዋ ክብ ነውና ትተባበርዎታለች፤ በየጉብታዋ ላይ ያ አንድ ባትሪ የትል መንጋ ሆኖ ይርመሰመሳል። መሀል ላይ ቆም ብለው ስልክ ቢያነሱማ የቆሙበት ቦታ እንደ ኪንታሮት ያብጣል።

ብርድ ስለሆነ ነጭ ጋቢ ይደርቡ። ጥቁር ለብሶ ሳይቆም የሚሄድ ሰው ፎቶ ላይ አይታይም፤ ጋቢ ግን ይታያል። አንዱ ፎቶዬ ላይ ከመኪናዋ ጀርባ ግማሽ አካሌ ብቻ ቆሟል። እናቴ አይታው አማተበች።

ለሰፈሩ ጥበቃም አስቀድመው አይንገሩ። እኔ አልነገርኩም። ጥበቃው አባባ፣ የካሜራው ሻተር ገና ሳይዘጋ ደረሱና፣ «ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ የራሳቸውን ባትሪ አብርተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከጎማ ጎማ እየዞሩ ይፈልጉልኝ ጀመር። ቁልፌ እንደሆነ ገምተዋል።

ከዚያ ሌሊት የተረፈኝ ፎቶ ያው አንድ ነው። አራቱም ባይሆኑ ሁለቱ ጎማዎች እስከ ብሎናቸው ጥርት ብለው ወጥተዋል። የአባባ ካፖርት ጥቁር ስለነበረ እሳቸው አልታዩም።