ከአንቲጓ የመጣ ቡና

ፓርክላንድስ ውስጥ ቤት የተከራየ ሐበሻ እንግዳ አያጣም። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ አንዱ አጋ ካን ሆስፒታል ለምርመራ ይመጣል፣ ሌላው ለስብሰባ፣ አንዷ ደግሞ «እግረ መንገዴን» ብላ። መንገዱ ወዴት እንደነበረ አይጠየቅም። ውጤቱ ደህና ከሆነ ወይም ስብሰባው ካለቀ፣ «በሉ እስቲ አገሩን አሳዩን» ይመጣል። አገሩ ማለት ሳሪት ሴንተር ነው፤ ከዚያ ቪሌጅ ማርኬት፤ ከዚያ ቀጭኔ፤ ከዚያ ክትፎ። ቀጭኔዋ ከሁለት የገበያ አዳራሽና ከአንድ ሥጋ ቤት ጋር እንዴት እንደተሰለፈች እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ከእሷ ጋር ፎቶ ለመነሳት ስለሚመች ይሆናል።

ወደ ብሔራዊ ፓርኩ የሚያመራ ቆፍጣና እንግዳም አለ። እዚያ በር ላይ ዋጋው እንደ ዜግነቱ ይለያያል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገር ዜጋ ከሌላው ያነሰ ይከፍላል። ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል ስላልሆነች ሐበሻ በውጭ አገር ሰው ተርታ ይቆጠራል። ይኼ ክብር ለማንም አይጥምም። ያን ጊዜ ነው ትያትሩ የሚጀምረው፦ ትናንት ማታ የገባ እንግዳ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሀባሪ!» ይላል፤ ዘበኛው በስዋሂሊ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ሲጨምርበት ግን ወደ አስተናጋጁ ይዞራል። ክፍያው በብር ሲመነዘር መኪናው ውስጥ ጸጥታ ይሰፍናል። በመጨረሻ «አንበሳ እኮ ስድስት ኪሎም አለ» የሚል አንድ አስተዋይ አይጠፋም፤ ከምልክት ሰሌዳው ሥር ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ።

ከፓርክላንድስ ወደ መሀል ከተማ ሲወረድ ሙዚየም ሂል ላይ ብሔራዊ ሙዚየሙ አለ። የቱርካና ልጅ የሚባለው፣ 1.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው አጽም የዚያ ቤት መኩሪያ ነው። በፈረንጆቹ 1984 ካሞያ ኪሜዩ የተባሉት ስመ ጥር ኬንያዊ ቅሪተ አካል ፈላጊ ናቸው ከቱርካና ሐይቅ ምዕራብ ዳርቻ የመጀመሪያውን ስባሪ ያገኙት። ኦሞ ወንዛችን የሚገባው እዚያው ሐይቅ ስለሆነ ልጁ የሩቅ ሰው አይደለም። አንዲት እትዬ ግን እንግባ ሲባሉ ከመኪናው አልወርድም አሉ። «ሉሲ እያለችን! የእኛዋ እኮ 3.2 ሚሊዮን ናት፤ የሱን እጥፍ!»

«እውነት ነው እትዬ። ሉሲን አይተዋታል?»

«አምስት ኪሎ ናት» አሉ።

ጥያቄው አድራሻ አልነበረም። ግን እትዬ በእንግድነት ላይ ስላሉ አልተገፉም፤ ሙዚየሙም ታለፈ።

ይኼ ሁሉ እንግዳ ላይ የሚሳቅ እንዳይመስል፣ የሠፈሩን ነዋሪ ላንሳ። ጊጊሪ የሚሠራ አንድ ወዳጃችን ባለፈው ስብሰባ አስታኮ ጓቲማላ ሄደና አንቲጓን ጎብኝቶ ተመለሰ። ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። እሑድ ቡና ላይ ስልኩ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኘ፤ ሳንወድ በግድ ጎበኘን።

ከተማዋ ታሪክ እንዳላት አይካድም። ስፔኖች የቀድሞ መዲናቸውን በ1541 ከአጉዋ ተራራ የወረደ ጎርፍና ጭቃ ሲያጠፋባቸው፣ በ1543 ወደዚህ ሸለቆ ተዛወሩ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የመካከለኛው አሜሪካ ግዛታቸው መዲና ሆና ቆየች። በ1773 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት፤ በ1776 መዲናነቱ ዛሬ ጓቲማላ ሲቲ ወደምንለው ቦታ ሄደ። የፈረሱት ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ እንደፈረሱ አሉ፣ ጎብኚም የሚመጣው ለእነሱ ነው። በሰሞነ ሕማማት ሕዝቡ በቀለም ከተነከረ የእንጨት ብናኝና ከአበባ መንገዱ ላይ ምንጣፍ ይሠራል፤ ሌሊቱን ሙሉ የተለፋበትን ሰልፉ በደቂቃ ረግጦት ያልፋል። ከሁሉ የወደድኩት የሳንታ ካታሊናን ቅስት ነው። መነኮሳይያቱ ለሰው ዓይን ሳይጋለጡ መንገዱን ተሻግረው ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው እንዲሄዱ የተሠራ ነው ይባላል። አሁን በአገሩ እንደሱ ፎቶ የሚነሳ ነገር ጥቂት ነው። ወዳጃችን እንኳ ከፊቱ፣ ከጎኑና ከሥሩ ሆኖ ተነስቷል።

ከዚያ ስጦታውን አወጣ። ቡና!

ይህን ሰው ልብ በሉልኝ፦ ቡና ከምታመርት ጓቲማላ ቡና ገዝቶ፣ ቡና ወደምታመርት ኬንያ አምጥቶ፣ የቡና መገኛ አገር ልጆችን ሊያጠጣ ነው። ለዚያውም የተቆላ። ባለቤቲቱ ከረጢቱን አገላብጠው አዩና «ተቆልቷል?» አሉ፤ አጠያየቃቸው አሟሟቱን እንደመጠየቅ ነበር። የእሳተ ገሞራ አፈር መሆኑን፣ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ መሆኑን ቢያስረዳም ጭስ የሌለው ቡና ምን ተብሎ ይቀርባል? «ለፈረንጅ እንግዳ ይሆናል» ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ አኖሩት። ያው እትዬ በሻንጣ ያመጡት ይርጋጨፌ ተቆላ።

ከእኛ ጋር ፓርክላንድስ ካምፓስ ሕግ የምትማር ኬንያዊት ጎረቤት ነበረች። ፎቶዎቹን በጥሞና አይታ ስታበቃ፣ «እናንተም ጎንደር አላችሁ አይደል? ግንቡ ላይ መውጣት ይቻላል?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ተናገርን፤ ፋሲለደስ በ1636 እንደመሠረቷት፣ ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በ1979፣ ልክ አንቲጓን በመዘገበበት ዓመት እንደመዘገበው፣ ጥምቀቱ እንዴት እንደሚያምር። ስለ ደረጃው ግን መልስ ጠፋ። ከቤቱ ሰው ጎንደር የረገጠው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሚዜ ሆኖ ሄዶ ግንቡን ከሙሽራ መኪና መስኮት ነው ያየው። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ቡናዋን ፉት አለች።

አንቲጓን ያየው ወዳጃችን ጠዋት ጠዋት ወደ ጊጊሪ የሚነዳው በሊሙሩ መንገድ፣ በሲቲ ፓርክ አጥር ሥር ነው። ለምን አትገባም ስለው «ጦጣ አለ» አለኝ። ጦጣስ አለ፤ የያዙትን ሙዝ ይነጥቃል። ግን እዚያው ዛፎቹ ሥር ጆሴፍ ሙሩምቢ አሉ፤ ከጎአዊ አባትና ከማሳይ እናት የተወለዱት፣ በ1966 የኬንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው በዚያው ዓመት ሥልጣኑን በፈቃዳቸው የለቀቁት ሰው። በፈቃዱ የለቀቀ ባለሥልጣን መቃብር ለእኛ አካባቢ ሰው ራሱን የቻለ ብርቅ ነገር አይደለም? በ1990 ሲሞቱ እዚያ የተቀበሩት ወዳጃቸው ፒዮ ጋማ ፒንቶ አጠገብ ለማረፍ ስለፈለጉ ነው። ፒንቶ ናይሮቢ የተወለደ ጋዜጠኛና የነፃነት ታጋይ ነበር፤ በየካቲት 1965 ቤቱ በር ላይ መኪናው ውስጥ እንዳለ ተገደለ። ወዳጄ ይህን ስነግረው «ፎቶ ያስነሳል?» አለኝ።

ያን እሑድ አንቲጓ ሁሉንም አነሳስታ ስለነበር የሠፈር ጉዞ ይዘጋጅ ተባለ። ላሙ ቀረበች፤ በ2001 የተመዘገበች ጥንታዊ የስዋሂሊ ከተማ፣ ጎዳናዋ ጠባብ ስለሆነ ዕቃ የሚጓጓዘው በአህያ። አህያ ሲባል እትዬ ሳቁ። «ለአህያማ ቲኬት አልገዛም፤ እህል በረንዳ ስንቱ አለልኝ» አሉ። ላሙ ወደቀች።

«ለመሆኑ አንተ» አሉት ደግሞ ወደ ባለ አንቲጓው ዞረው፣ «እዚያ ሁሉ ቀን ምን ስትበላ ሰነበትክ? በቆሎ ነው አሉ ምግባቸው።»

ወዳጃችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድርቆሽ ይዤ ነበር የሄድኩት» አለ።

ከጉብኝቱ ሁሉ ቤቱን በአንድ ድምፅ ያስማማው ይኼ ሆነ። እትዬ «ጎበዝ!» ብለው መረቁትና ከእሳቸው የተረፈውን ድርቆሽ ለላሙ ሳይሆን ለሚቀጥለው ስብሰባው እንዲወስድ ሰጡት።