የሳሎን ችሎት፦ ለኢንተርኔት ሠራተኛ ስለሚቀርቡ አቤቱታዎች የተደረገ መጠነኛ ምርመራ

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኢንተርኔት ሊያስገባ ወይም ሊጠግን አንድ ግቢ የገባ ሠራተኛ፣ ከኢንተርኔት ጋር ምንም የማያገናኘው ነገር ሳይጠየቅ አይወጣም። ዲሹን ነፋስ አዙሮታልና ቀና ያድርገው፤ መሰላሉን ካወጣው አይቀር የሳሎኑን አምፖል ይቀይር፤ የእማማን ስልክ «ሞልቷል» ከማለት ያስቁምላቸው፤ ገመዱ መጋረጃውን እንዳያበላሽ ማዕዘኑ ላይ እጥፍ ተደርጎ ይሂድ። (ፋይበር ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የመስታወት ክር ነው፤ እጥፍ ሲሉት ብርሃኑ መንገድ ላይ ይቀራል። መጋረጃው ግን ያምራል።) ሠራተኞቹ ይህን ሁሉ የደንበኛ አለማወቅ አድርገው ይወስዱታል፤ ምሳ ሰዓት ላይም ይስቁበታል። እዚህ የሚቀርበው ክርክር ተቃራኒው ነው። ደንበኛው የሚያደርገውን አሳምሮ ያውቃል። አቤት የሚለው ለመሥሪያ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ድረስ የዘለቀለት የመሥሪያ ቤት ሰው ደግሞ ከዚህ ልጅ ሌላ የለም።

ማስረጃ የሚፈልግ ሌሎቹን ይቁጠር። ፖስተኛ በራችንን አያንኳኳም፤ ደብዳቤ የሚጠብቀን ፖስታ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ባለጉዳዩ ራሱ ሄዶ ይከፍታል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ድሮም ከአጥር ብዙ አያልፍም ነበር፤ ካርድ ቆጣሪ የገባበት ቤት ደግሞ ከነጭራሹ አይመጣም። የውኃው አንባቢ በር ሥር አጎንብሶ ቁጥሩን ይመዘግባል፤ ውኃው ለምን እንደጠፋ ሲጠየቅ የእሱ ሥራ የመጣውን ማንበብ ብቻ መሆኑን ያስረዳል። የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ የተቆጠረ ሕፃን ዛሬ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ቀይሮ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ ጎረምሳ ሆኗል። የቀረው የኢንተርኔት ሠራተኛው ነው፦ መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ሶፋ ጎትቶ ከኋላው ያለውን የሚያይ። ጃንሆይ በመኪና ሲያልፉ መንገድ ዳር ወረቀት ይዞ «አቤት!» ይል የነበረ ሕዝብ፣ ሶፋው ሥር የተንበረከከ ባለሥልጣን አግኝቶ ዝም እንዲል መጠበቅ ከታሪክ ጋር መጣላት ነው።

አለማወቅ ነው ለሚሉት መልስ የሚሆነው የአከራይዋ ጥያቄ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ ምርምር የሚገባው። «ሳሎንና መኝታ ቤት በደንብ ይድረስ፤ ሰርቪሶቹ ጋ ግን እንዳይደርስ አርግልኝ የኔ ልጅ።» ሰርቪሶቹ ውስጥ ተከራዮች አሉ። ሠራተኛው «እማማ፣ ሞገድ እኮ ግድግዳ ያልፋል» ይላል። ያልፋል፤ ግን ሁሉም እኩል አያልፍም። ራውተሩ በሁለት ሞገድ ያሠራጫል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ግድግዳ እየሰነጠቀ ይርቃል፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ቢሆንም ብሎኬት ይከብደዋል። የመጀመሪያውን አጥፍቶ ሁለተኛውን ቢተው፣ የአከራይዋ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተሳካ ማለት ነው። ጥያቄያቸውም በዚህ አያበቃም፦ ራውተሩ ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ይቀመጥ፣ ዳንቴል ይልበስ፣ ይቆለፍበት። ዳንቴሉ ሞገድ አያግድም፤ የሚያፍነው ሙቀቱን ነው። የቡፌው መስታወት ግን ጀርባው በስስ ብረት የተለበጠ ስለሆነ ሞገዱን ወደመጣበት ይመልሰዋል። ሰርቪሶቹ ከቡፌው ጀርባ ከሆኑ እንግዲህ እማማ የማንንም ምክር ሳይጠብቁ ጉዳዩን ጨርሰውታል።

ቧንቧ ሠራተኛም ቤት ይገባል፣ እሱ ለምን እንዲህ አይለመንም የሚል ይኖራል። ቧንቧ ሠራተኛው ዋጋ ተከራክረውት የገባ ሰው ነው፤ የተከራከሩትን ሰው ደግሞ አቤት አይሉትም። ተጨማሪ ነገር ሲጠየቅ «ሂሳቡ ሌላ ነው» ይላል። የኢንተርኔት ሠራተኛው ግን «እኔን አይመለከትም» ይላል፤ ይህን የሚል ሰው የመሥሪያ ቤት ሰው ስለመሆኑ ሌላ መታወቂያ አያስፈልግም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ነገሩ አቤቱታ ከሆነ ለምን በአምፖል ይጀመራል? መልሱ ቡናው ላይ ይገኛል። ሠራተኛው ገና ሌላ ቤት እንደሚቀረው እየተናገረ ረከቦቱ ይቀርባል። አቦል ላይ አምፖሉና ዲሹ ይነሣሉ፤ ሰውዬው እሺ ባይ መሆን አለመሆኑ የሚፈተነው በእነሱ ነው። ቶና ላይ ቨርጂኒያ ላለው ልጅ በቫይበር ይደወልና ስልኩ ለሠራተኛው ይሰጠዋል፤ ልጁ ስለ ፍጥነቱ መጠየቅ ሲጀምር እናት ከጎን «ለፋሲካ ና በለው» ይላሉ፤ ሠራተኛውም ይለዋል። ዋናው ጉዳይ የሚወጣው በረካ ላይ ነው፦ ትራንስፎርመሩ በየሳምንቱ እንደሚፈነዳ፣ ውኃው በፈረቃው ቀን እንኳ እንደማይመጣ፣ የካርታው ጉዳይ ወረዳ ላይ ቆሞ እንደቀረ። «እዚያ ስትመለስ ለሚመለከተው ንገርልኝ።» ሦስት ስኒ የጠጣ ሰው «እኔን አይመለከትም» ማለት ይከብደዋልና «እሺ እማማ፣ እነግራለሁ» ይላል።

ቡናው ሠራተኛው መስመሩን ቶሎ እንዲያስተካክል የሚቀርብ ማባበያ ነው የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የሥራውን ቅደም ተከተል ማሳየት ይበቃል። ክሩን ቆንጥጦ የያዘው የሶፋው እግር ነበር፤ ሶፋው ሲነሣ ቀዩ መብራት ጠፋ፣ አረንጓዴው በራ፤ ያኔ ቡናው ገና ይታጠብ ነበር።