ጳጉሜ በዋስትና አይሸፈንም

የኮምፒውተሬ ስክሪን ያረፈው ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ሰው ሁሉ ዝናብ ጠብ ቢል ልጠመቅ ብሎ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ቀን፣ እሱ ሁለት ሰከንድ ያህል ብልጭ ብሎ የፋብሪካውን ስም አሳየኝና ጠቆረ። ደግሜ አበራሁት፤ ብልጭ፣ ድርግም። ሠለስኩ፤ ብልጭ፣ ድርግም። የአባቱን ስም ጠርቶ የሞተን ማን ይቆጣል? የዋስትና ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣሁ። «12 ወር» ይላል። የገዛሁት መስከረም 2 ነው። ዓመት አልሞላውም ብዬ ስክሪኑን በፎጣ ጠቀለልኩና በባጃጅ ከሳቢያን ወደ ከዚራ።

ለእንግዳ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። በድሬ ሰው ሁሉ አንተ ነው። ሽማግሌው አንተ፣ ሹሙ አንተ፣ ሐኪሙም አንተ። ሻጩም ብሬን ሲቆጥር «አቦ፣ አንተ ወንድሜ አይደለህ እንዴ? ችግር ካለ እኔ አለሁልህ» ብሎኝ ነበር። ዛሬ ወረቀቱን ተቀብሎ መነጽሩን አደረገ፣ ቀኑን አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርስዎ ዘግይተዋል» አለኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ሲመጣ ገንዘብ ሄዷል ማለት ነው።

ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዞረው። አሥራ ሁለት ጊዜ ሠላሳ፣ 360። ከመስከረም 2 ሲቆጠር ያለቀው ጳጉሜ 1 ነው። «ወረቀቱ አሥራ ሁለት ወር ይላል እንጂ ዓመት አይልም» ብሎ አስረዳኝ። አገራችንን የ13 ወር ፀጋ እያልን ለዓለም ስናስተዋውቅ የኖርነው፣ ለካ የአሥራ ሦስተኛው ወር ፀጋ ለነጋዴ ኖሯል። ስክሪኑንም ቢሆን አደነቅኩት። በዕለቱ ቢሞት ሰው ይጠረጥራል ብሎ ሁለት ቀን ታገሠ። እንዲህ ያለ ይሉኝታ በሰውም ብርቅ ሆኗል።

የወረቀቱን ጀርባ ያነበብኩት እዚያው ቆሜ ነው። በመብራት መዋዠቅ የተጎዳ አይመለከተንም። በሙቀት የተጎዳ አይመለከተንም። ማኅተሙ የተነሳ አይመለከተንም። ድሬ ዳዋ ላይ! ዋስትናው ፀሐይ በማይወጣበት፣ መብራት በማይሄድበትና በማይመጣበት አገር ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ እኛ ነን ቦታ የተሳሳትነው። ከሻጩ ጀርባ ደግሞ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል፣ በፍሬም።

ሕግ አለ እንዳትሉኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። ሻጩንም አዋጁንም የሚያከብር ስክሪን በ15 ቀን ውስጥ አይሞትም። የኔው ሕግ አክባሪ ነበር።

ድሮ ዋስ ሰው ነበር። ባለዕዳው ቢጠፋ ዋሱ ይያዛል፤ ከሳሽና ተከሳሽም በኩታ ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። እኛ ሠለጠንና ዋሱን ወረቀት አደረግነው። ወረቀት አይያዝም፣ አያፍርም፣ ሰፈር ውስጥ ስሙ አይጠፋም። እስኪ እኔና ሻጩ በሽርጥ ጫፍ ተቆራኝተን በዚህ ሙቀት ከከዚራ መጋላ እንውረድ፤ የደቻቱን ወንዝ ሳንሻገር ጳጉሜም ወር ሆና ትቆጠር ነበር።

«ታዲያ ይጠገን» አልኩ። የምርመራ ከፍዬ፣ ሦስት ቀን ጠብቄ፣ ውጤቱ መጣ፦ ቦርዱ ተቃጥሏል። ይህች ዓረፍተ ነገር ለኮምፒውተር ዓለም «የእግዜር ቁጣ ነው» እንደማለት ናት፤ ከሷ በኋላ ጥያቄ የለም። ቦርዱ ለብቻው አይመጣም፤ ከነፓኔሉ ነው፤ ዋጋው አዲሱን ስክሪን ይበልጣል፤ «ደግሞ ድሬ ላይ የሚሠራው የለም፣ አዲስ አበባ ይላክ።»

ልክ ነው፤ ይህች ከተማ ጥገና የት ታውቃለች? ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ተራራው ከብዶት ሐረር መውጣት ቢያቅተው ሜዳው ላይ የቆመባት፣ ጣቢያና ወርክሾፕ ተተክሎባት ከተማ የሆነች ናት። የወርክሾፑ ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች እዚሁ አሉ። የፈረንሳይ ባቡር ሲሰበር ፓሪስ ይላክ አላሉም፤ የጎደለውን ብረት እዚያው በቶርኖ እየቀረጹ ገጠሙት። ምናልባት የዋስትና ወረቀቱን የሚያነብላቸው አጥተው ይሆናል።

አውሮፓውያኑማ ያሳዝናሉ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለባቸው ደንብ ስክሪን የሚሸጥላቸው አምራች የመጨረሻው ዕቃ ገበያ ከገባ በኋላ እንኳ ለ7 ዓመት መለዋወጫ ለጠጋኞች እንዲያቀርብ ይገደዳል፤ ትልልቆቹን ካፓሲተሮች ሳይቀር። በየዓመቱ አዲስ መግዛት ያቃታቸው ድሆች መሆን አለባቸው።

ስክሪኑን ይዤ ታይዋን ገበያ አካባቢ አንድ ልጅ ጋ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቴስተር፣ አንድ ካውያ፣ የሞቱ ሪሲቨሮች ክምር። ሰካው፣ ጠቆረ፤ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አስጠጋው። «ና እይ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከጨለማው ውስጥ የፋብሪካው ስም ደብዝዞ ይታያል። ምስሉ አለ፤ የጠፋው ከጀርባ የሚያበራው መብራት ነው።

ማኅተሙን በምላጭ አነሳ። (ልቤ ደነገጠ፤ ከዓመት በኋላም ቢሆን ማኅተም ማኅተም ነው።) የኃይል ቦርዱ ላይ ሦስት ካፓሲተሮች አናታቸው እርሾ እንደነፋው ድፎ አብጧል። «ሙቀት ነው» አለ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ፋብሪካው ደግሞ ርካሹን ነው የሚገጥመው። ከአንድ የሞተ ሪሲቨር ሆድ ልካቸውን ፈልጎ ነቀለ፣ አንድ በአንድ እየለካ በየቦታቸው በየደ። ስክሪኑ በራ፣ እንደበራም ቀረ። የተጠየቅኩት የምርመራውን ግማሽ ነው።

ልማድ ክፉ ነው፤ ልከፍል እጄን ኪሴ ከትቼ «ዋስትናው ስንት ወር ነው?» አልኩት።

ካውያውን ከሶኬቱ እየነቀለ ሳቀብኝ። «አቦ፣ ወር አላውቅም። ከሰዓት በርጫ ላይ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ግን እዚችው በርጩማ ላይ ታገኘኛለህ።»